ሩፈስ ለባዮስ አፕዴት፦ አሪፍ ነው፣ ግን ከማውረዳችሁ በፊት ይሄን እዩ

ባዮስ (ማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ማድረግ ፈልጎ ለጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "ሩፈስን አውርድና ቡት የሚያደርግ ፍላሽ ሥራ።" ቡት ማድረግ ማለት ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ነው። ሩፈስን እኔም እወደዋለሁ። ከኮምፒውተሬ ጠፍቶም አያውቅም። ግን የምትፈልጉት ለባዮስ ብቻ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ከሚችለው ነገር ሩቡ እንኳ አያስፈልጋችሁም። አንዳንዴ ጭራሽ አያስፈልግም። የት ጋ እንደሚጠቅምና የት ጋ ጊዜ እንደሚያባክን ልንገራችሁ።

ሩፈስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። የሠራው ፒት ባታርድ የሚባል ሰው ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ሳይሰለች እያሻሻለው እስከዛሬ አለ። ኢንስቶል አይደረግም። ታወርዱታላችሁ፣ ትከፍቱታላችሁ፣ አለቀ። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ለሚንቀራፈፍበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኤቸር የሚባለውን ሌላውን ታዋቂ ፕሮግራም ያወረደ ልዩነቱን ያውቀዋል። እሱ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፣ የሚችለው ደግሞ የተዘጋጀ ኢሜጅ (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ የሆነ ፋይል) ፍላሽ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። መልኩ ያምራል። ግን ባዶ ፍላሽ ሰጥታችሁ ዶስ (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ጫንልኝ ብትሉት አይችልም።

ሩፈስ ይችላል፤ ለባዮስ ሥራ ስሙ የተነሳውም በዚህ ነው። ፍሪዶስን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ፍሪዶስ ጂም ሆል በ1994 የጀመረው ነፃ ዶስ ነው፤ ማይክሮሶፍት የራሱን ዶስ ሊተወው ነው በተባለበት ሰሞን ተጀምሮ እስካሁን አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ፍላሹን ትሰካላችሁ፣ ቡት ሴሌክሽን የሚለው ላይ ፍሪዶስን ትመርጣላችሁ፣ ስታርት ትላላችሁ፣ ፍላሹ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ እሺ ትላላችሁ፣ ብዙም ሳትቆዩ ያልቃል። ከዚያ የባዮሱን ፋይልና ፋይሉን ቺፑ ላይ የሚጽፈውን ፕሮግራም ኮፒ አድርጋችሁ ከፍላሹ ማስነሳት ነው። ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ የፕሮግራሙን ስም ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር። ለድሮ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሌላ የምወድለት ነገር አለ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ቢሆን እንኳ እናንተ ካልፈቀዳችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አያሳየውም። የዓመታት ፎቶ የያዘ ዲስክ በአንድ ክሊክ ገደል እንዳይገባ ያሰበ ሰው ነው የሠራው።

ፍሪዶስ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የፋይል ስም ነው። ዶስ የሚያውቀው ከነጥቡ በፊት እስከ 8 ፊደል፣ ከነጥቡ በኋላ ደግሞ 3 ፊደል ነው። ፋይሉ ረጅም ስም ካለው ቆርጦ በሌላ ስም ያሳያችኋል፣ እናንተም ያን ረጅም ስም እየጻፋችሁ የለም ሲላችሁ ትውላላችሁ። መፍትሔው ገና ዊንዶውስ ላይ እያላችሁ ስሙን ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አምራቹ ያዘጋጀው ፋይል የዊንዶውስ ፕሮግራም ሆኖ ሲገኝ ነው። እሱን ዶስ ላይ ብታስኬዱት "ይህ ፕሮግራም በዶስ አይሠራም" የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይመለሳል። ፍላሹ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሩፈስም ምንም አላጠፋም። ፋይሉ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ አምራቹ የዶስ ቨርዥን ካላወጣለት በዚህ መንገድ አይሆንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኮምፒውተራችሁ አዲስ ከሆነ የፍሪዶስ ፍላሹ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። ዶስ የሚነሳው በድሮው የባዮስ ዘዴ ብቻ ነው፣ የዛሬ ኮምፒውተሮች ደግሞ የሚነሱት በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም የድሮውን ባዮስ በተካው አዲስ ዘዴ ነው። በመሃል ሲኤስኤም የሚባል፣ አዲሱ ማሽን የድሮውን እንዲያስመስል የሚያደርግ ነገር ነበር፤ ኢንቴል በ2017 ይህንን እስከ 2020 አስቀራለሁ ብሎ ተናገረ፣ እውነትም ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ አሁን የለም። ሰው ግን ይሄን ሳያውቅ ፍላሹን ይሠራል፣ ይሰካል፣ ቡት ሜኑ ላይ አያገኘውም፣ ፍላሽ ይቀይራል፣ ሩፈስን እንደገና ያወርዳል፣ እንዲህ ሲል ሌሊቱ ይነጋል። ሩፈስ ታርጌት ሲስተም በሚለው ቦታ ላይ ጽፎታል፤ ለባዮስ ወይም ሲኤስኤም ላለው ዩኢኤፍአይ ነው ይላል። ግን በአንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ፣ የሚያውቀው ሰው ብቻ በሚገባው ቋንቋ። ፍሪዶስ ሲመረጥ አንድ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ቢያወጣ ምን ነበረበት? አምስት ኮከብ የማልሰጠው በዚህ ነው። አራት ይበቃዋል።

ታዲያ አዲስ ማሽን ያለው ሰው ምን ያድርግ? ደስ የሚለው፣ አብዛኞቹ ላይ ባዮሱ ራሱን የሚያድስበት መሣሪያ ውስጡ አለ። አሱስ ኢዚ ፍላሽ ይለዋል፣ ኤምኤስአይ ኤም-ፍላሽ፣ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ። ዴል ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ12 ተጭናችሁ ባዮስ ፍላሽ አፕዴት የሚለውን ትገባላችሁ። በዚህ መንገድ ፍላሹ ቡት ማድረግ አይጠበቅበትም። ተላላኪ ብቻ ነው፤ ፋይሉን ያደርሳል፣ ሥራውን የሚሠራው ባዮሱ ነው። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍላሹ በፋት32 (ፋይሎች ፍላሹ ላይ ከሚደራጁባቸው ዘዴዎች አንዱ) ፎርማት መደረጉ።

ሩፈስ እንደገና የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ሰው በማያውቀው በኩል። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ለብዙ ዓመታት ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፍላሽ ፋት32ን ምርጫው ውስጥ አላስገባም። ያላችሁ ፍላሽ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ብቻ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፣ ያን ይዛችሁ ስትገቡ ባዮሱ ፍላሹን አላየሁም ይላል። ሩፈስ ላይ ቡት የማያደርግ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ፋይል ሲስተም ላይ ላርጅ ፋት32ን፣ ከዚያ ስታርት። ለእኔ ለባዮስ ሥራ የሩፈስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ሰው ግን ቡት ስለሚያደርግ ፍላሽ ብቻ ነው የሚያወራው።

ማዘርቦርዳችሁ ጀርባው ላይ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ካለው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። ስክሪን አያስፈልግም። ቦርዱ ከደገፈው ፕሮሰሰርና ራም እንኳ ሳይገጠም ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ይሰካ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም። አዲስ ፕሮሰሰር ገዝቶ የቦርዱ ባዮስ ስለማያውቀው ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው የሚድነው በዚች ቁልፍ ነው። ግን የፋይሉ ስም ላይ ቀልድ የለም። ብዙ የጊጋባይት ቦርዶች ፋይሉ ጊጋባይት ዶት ቢን ተብሎ እንዲሰየም ይፈልጋሉ፣ ብዙ የኤምኤስአይ ቦርዶች ደግሞ ኤምኤስአይ ዶት ሮም። አሱስ ስሙን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሰጣል። ስሙ ከተሳሳተ መብራቷ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ብላ ዝም ትላለች፣ ምን እንደጎደለም አትነግራችሁም። መመሪያውን ከፍቶ ስሙን ፊደል በፊደል ማየት ነው።

በመሃል የቀሩ ማሽኖችም አሉ። ዶስ አያስነሱም፣ ውስጣቸውም የማደሻ መሣሪያ የለም፣ አምራቹ የሰጠው ደግሞ በዩኢኤፍአይ ሼል (እንደ ዶስ ትእዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት የዩኢኤፍአይ ስክሪን) የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሮችና አንዳንድ ሚኒ ፒሲዎች ላይ ይሄ ይገጥማል። ሩፈስ ለዚህም መላ አለው። ሴሌክት የሚለው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትጫኑ ዳውንሎድ የሚል ይመጣል፤ ከዊንዶውስ ኢሜጆች ጋር የዩኢኤፍአይ ሼል ኢሜጅም እዚያው ይወርዳል። ዳውንሎድ የሚለው ካልታያችሁ አፕዴት የመፈተሽ ምርጫውን አብሩት፣ ያኔ ብቅ ይላል። ሼሉን ለማስነሳት ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን የባዮስ ምርጫ) ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ አብሩት።

የቲንክፓድ (የሌኖቮ ላፕቶፕ) ባለቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎች ቡት የሚያደርግ የባዮስ ኢሜጅ ይሰጣል፣ ግን የተዘጋጀው ለሲዲ ነው። እንዳለ ፍላሽ ላይ ቢጻፍ አይነሳም። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን የቡት ክፍል ጌትኤልቶሪቶ በሚባል ትንሽ ስክሪፕት ማውጣት፣ ከዚያ የወጣውን ፍላሽ ላይ መጻፍ ነው። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሩፈስ የለም፣ አያስፈልጋችሁምም። ከ2015 ጀምሮ ኤፍደብልዩአፕዲ የሚባል የማደሻ ፕሮግራም አለ፤ ዴልና ሌኖቮን ጨምሮ ብዙ አምራቾች ፈርምዌራቸውን (እንደ ባዮስ ያለ ሃርድዌሩ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም) እዚያ ያስገባሉ፣ አንድ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ራሱን ያድሳል። ፍላሽ የሚባል ነገር የለበትም። ሞዴላችሁ እዚያ ካለ ሌላ መንገድ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ቬንቶይስ የሚል አይጠፋም። ቬንቶይ አንድ ጊዜ ፍላሹ ላይ ይጫንና ከዚያ በኋላ ኢሜጆችን እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው፤ ብዙ ሲስተም በአንድ ፍላሽ ለሚፈልግ ሰው ተወዳዳሪ የለውም። ለባዮስ ግን አልመርጠውም። ፍላሹን ሁለት ክፍል ያደርገዋል፣ ትልቁም በመደበኛው ኤክስፋት ነው የሚሆነው፤ የባዮስ መሣሪያዎች ደግሞ አንድ ክፍል ያለውን ተራ ፋት32 ነው የሚወዱት። ለዚህ ሥራ ያረጀ ትንሽ ፍላሽ ካላችሁ እሱን መድቡለት።

ስታወርዱ ከዋናው ድረገጽ አውርዱ። አድራሻው ሩፈስ ዶት አይኢ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ ትልልቅ የዳውንሎድ ቁልፍ የደረደሩ ገጾች ሞልተዋል። ስትከፍቱት ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ የአሳታሚው ስም አኬኦ ኮንሰልቲንግ መሆኑን እዩ፤ ሌላ ስም ካለ ወይም አይታወቅም ካለ አጥፉት።

ባዮስ አፕዴት ራሱ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፣ አንዳንዴ በጣም ያስፈልጋል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ይጎዱ የነበረበት ችግር በ2024 የተስተካከለው በማይክሮኮድ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ኮድ) ነው፣ ያም ለሰው የደረሰው በባዮስ አፕዴት ነው። በ2023 ደግሞ ሎጎፌይል የተባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚያሳየው የአምራቹ ሥዕል በኩል የሚገባ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ፤ እሱም የሚደፈነው በፈርምዌር ነው። ግን ማሽናችሁ ደህና ከሆነና አምራቹ የጻፈው ዝርዝር ውስጥ እናንተን የሚመለከት ነገር ከሌለ መቸኮል የለም።

የምትቀጥሉ ከሆነ የቦርዱን ሞዴል ከነሪቪዥኑ አረጋግጡ፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቦርዶች የተለያየ ፋይል ሊኖራቸው ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ወይም በዩፒኤስ። እየጻፈ ሳለ ስክሪኑ ጠቁሮ ቢቆይ፣ ፋኑ ቢጮህ፣ ራሱን ደጋግሞ ቢያጠፋና ቢያስነሳ እንኳ እጃችሁን ሰብስቡ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ካለ አስቀድማችሁ ለጊዜው አስቁሙት፣ አለዚያ ዊንዶውስ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ያኔ ነው የሚያልበው።

የባዮስ ሴቲንጋችሁንም ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከአፕዴት በኋላ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የራሙ ፍጥነት ይወርዳል፣ ቨርቹዋላይዜሽን ይጠፋል፣ የዲስኩ ሞድ (ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ወይም በተቃራኒው ሊቀየርና ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል። ያኔ ዊንዶውስን እንደገና ልጫን ብላችሁ ሩፈስን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶውን አይታችሁ ሞዱን መልሱት።