የመኪና ውስጥ ፕላስቲክ ጭረትን በሙቅ አየር መጠገን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ 2,000 ዋት ኃይል ስላለውና በሁለት የሙቀት ደረጃ ስለሚሠራ ሂት ጋን፣ ማለትም ሙቅ አየር ስለሚነፋ መሣሪያ ነው። የገዛሁት በቪትዝ መኪናዬ በሮች የታችኛው ክፍልና በዕቃ መጫኛው ዙሪያ ጫማና ጄሪካን የተዋቸውን ነጫጭ ጭረቶች ለማጥፋት ሲሆን፣ የተሠራው ሥራ ክረምትም በጋም አልፎበታል።

በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው ቀለም ያልተቀባ ሸካራ ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ክፍሉ ተፈትቶ ጀርባው ሲታይ «ፒፒ» የሚል ምልክት ይገኝበታል፤ ከጎኑ «ቲ20» የሚል ካለበትም 20 በመቶ ታልክ የሚባል ነጭ የማዕድን ዱቄት ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ፕላስቲኩ እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ቀለም ስላለው ሲጫር የሚለቅ ቀለም የለውም፤ ንጣቱ የሚታየው በተቦጨቀው ገጽ ላይ በሚፈጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆችና ብቅ ባለው ታልክ ላይ ብርሃን ስለሚበተን ነው። የሲሊኮን ቅባት ጭረቱን ለጊዜው የሚሰውረውም ስንጥቁን ስለሚሞላ ብቻ ነው። መኪናው ከውስጥ በሳሙና ሲታጠብ ጭረቱ ተመልሶ ይወጣል፣ እስከዚያም ቅባቱ የአዲስ አበባን አቧራ ሲሰበስብ ይከርማል። ሙቀት ግን ምንም ሳይጨምር የተቦጨቀውን ገጽ መልሶ ያስተኛዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቦታው በሳሙና ውኃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ መሣሪያውን በዝቅተኛው ደረጃ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ርቀት ጠብቆ፣ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከመሣሪያው አፍ የሚወጣው አየር ደግሞ በዝቅተኛው ደረጃም ቢሆን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። በመጀመሪያ የነጩ መስመር ጠርዝ ግራጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ መስመሩ እየቀጠነ ይሄድና ከዙሪያው ጋር ይመሳሰላል። እጅን ማንሣት የሚገባው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ገጹ ማብረቅረቅ ከጀመረ ሸካራው ንድፍ እየጠፋ ነው፣ እሱም አይመለስም።

የበሮቹ ቀላል ጭረቶች ከብዙ እጥበት በኋላም አልተመለሱም፤ በዚህ በጣም ረክቻለሁ። በዕቃ መጫኛው ደፍ ላይ ያለው ጥልቅ ጭረት ግን ንጣቱ ቢጠፋም ጎድጓዳው በጥፍር ይዳሰሳል፣ ምክንያቱም ሙቀት ተፍቆ የወጣውን ፕላስቲክ አይተካም። አንዳንድ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን በስቱኮ ሞልተው ቀለም መርጨትን ይመክራሉ። ፖሊፕሮፒሊን ለእሱ የተዘጋጀ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ ማያያዣ፣ ካልተቀባ በቀር ቀለም አጥብቆ ስለማይዝ በዚህ ምክር አልስማማም።

በስፖንጅ ላይ ለተለበጠ ለስላሳ ክሩስኮት፣ ለሚያብረቀርቁና ቀለም ለተቀቡ ክፍሎች መሣሪያው አይሆንም፤ የኤርባግ ክዳን ላይማ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። በማርሽ ዙሪያ የሚገኘው ጠንካራ ፕላስቲክም ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ የሚባለው ሲሆን በ100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ቶሎ ይጣመማል። መሣሪያውን ብዙ ዕቃ የሚጭን መኪና ላለው ሰው እመክራለሁ። ለአንድ ጭረት ብቻ ከሆነ ግን መሣሪያው ካለው ባለሙያ ዘንድ ማሠራት ይሻላል፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም ከወንበሩ ሥር ባለ የማይታይ ጥግ ላይ እንዲሞክረው መጠየቅ ተገቢ ነው።