የሼፐርድ ክልስ ወይስ የሮትዋይለር ክልስ? መሀል አዲስ አበባ ላይ ውሻ ለምትፈልጉ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። «ሌባ አስቸግሮናል፤ ትልቅ ውሻ ልገዛ ነው» አለኝ። ቤቱ አራት ኪሎ ነው። ግቢውን ሦስት አባወራ ይጋራዋል። መኪናው ከቆመ በኋላ ለውሻ የሚተርፈው ቦታ ከአንድ ምንጣፍ አይበልጥም። ደላላው ሁለት ቡችሎች አሳይቶታል። አንዱ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ፣ ሌላው የሮትዋይለር ክልስ። አባታቸው ይለያያል እንጂ የሁለቱም እናት የሀበሻ ውሻ ናት። «የቱን ልውሰድ?» ነው ጥያቄው።

ሁለቱንም ዓይነት አሳድጌያለሁ። መጀመሪያ ስለ ድምፃቸው ላውራ፤ መሀል ከተማ ላይ ከጎረቤት የሚያጣላው እሱ ነውና።

ሼፐርድ ማለት እረኛ ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ በፈረንጆቹ 1899 ዝርያው ሲመሠረት መነሻው የበግ እረኛ ውሾች ነበሩ። እረኛ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክልሱም ብዙ ጊዜ ይህን ይወርሳል። በር ሲንኳኳ ይጮሃል። ድመት ስታልፍ ይጮሃል። ጎረቤት ሲያስነጥስም ይጮሃል። ለሌባ ሸጋ ነው፤ ግድግዳ ለምትጋሩት ሰው ግን መከራ ነው። የእኔዋ ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲከፈት አብራ ታላዝን ነበር። ጎረቤታችን እማማ «ይቺ ውሻ ጸሎቴን አስፈታችኝ» ብለው አኩርፈውኛል።

ሮትዋይለር የተሰየመው በአንዲት የጀርመን ከተማ ነው። ድሮ ከብት ይነዳ፣ የሥጋ ነጋዴዎችን ጋሪ ይጎትት ነበር። ክልሱ ጩኸት አያበዛም። ቆሞ ያያል። ሌባን የሚያስፈራውም ያ ዝምታው ነው። ችግሩ ቡና ለመጠጣት የመጣችውን ጎረቤትም እንደዚያው ቆሞ ያያታል። ቡችላው ገና በሦስተኛና በአራተኛው ወር ውስጥ እያለ ከልጆች፣ ከእንግዳ፣ ከቆጣሪ አንባቢ ጋር ካልተላመደ፣ አድጎ 40 እና 50 ኪሎ ሲሆን ማንም አያስተምረውም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰርም መፍትሔ አይደለም። ይባስ ተናካሽ ያደርገዋል።

ስለ መጠን ደላላውን አትመኑት። ንጹህ ሼፐርድ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ሮትዋይለር ደግሞ ከ50 እስከ 60 ይደርሳል። ክልስ ግን ዕጣ ነው። የአባትየውን ፎቶ በስልክ ከማየት እናትየዋን በአካል ማየት ይሻላል። ሰው ስትቀርባት ምን ታደርጋለች? ትሸሻለች? ትዘላለች? ልጆቿም ወደዚያው ናቸው። ሁለት ወር ያልሞላውን ቡችላ ደግሞ ጨርሶ አትውሰዱ።

አሁን ወደ ምግቡ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል። የእኛ ቤት ትርፍራፊ ግን ውሻን ይጎዳል። ወጣችን ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የዶሮ ወጥ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፤ ጥሬውን ከሰጣችሁት ግን ውሻው በትል ይያዛል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ልጆች ይተላለፋል። በደንብ ቀቅሉት። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ሉካንዳ ይዘጋል፣ 55 ቀን ሙሉ። ሩዝ በእንቁላል መቀቀል የለመደ ቤት አይቸገርም። ያልለመደ ቤት ከሆነ የሮትዋይለሩ ክልስ ሆድ ከሼፐርዱ በላይ ያስጨንቃችኋል። ሁለቱንም በቀን ሁለቴ አብሉ፤ በልተው ወዲያው አይሩጡ። ደረቱ ወደ ታች የወረደ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ይችላል።

ጸጉር ላይ ሼፐርዱ ይረግፋል፤ በክረምት ጭቃ ደግሞ ታዝናላችሁ። ሮትዋይለሩ አጭር ጸጉር ስላለው መጥረጉ ቀላል ነው፤ የሐምሌ ሌሊት ግን ይበርደዋል። ከመሬት ከፍ ያለ ማደሪያ ሥሩለት። ክልስ ከንጹህ ዝርያ ይጠነክራል ሲባል እሰማለሁ። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ግን ሁለቱም አባቶች አለባቸው፤ ለልጅም ሊያወርሱት ይችላሉ።

ክትባት ላይ ልዩነት የለም። ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ እስከ 16ኛው ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። የመንገድ ውሻ በበዛበት ከተማ ይህን መዝለል በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ታዲያ የቱ? ጠዋት ጠዋት ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ ሼፐርዱን። ግቢው የብቻችሁ ከሆነና ከዚህ በፊት ውሻ ከገራችሁ ሮትዋይለሩን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ሁለቱንም ተዉአቸው፣ እባካችሁ።

ለጓደኛዬ ግን ሁለቱንም አልመከርኩትም። ለሦስት አባወራ ግቢ የሀበሻ ውሻ ይበቃል። ትንሽ ይበላል፣ ኮሽታ ይሰማል፣ ቦታ አይፈጅም። «እስቲ እናትየዋን ጠይቅ» አልኩት። ማታ መልሶ ደወለ። ደላላው ለቡችሎቹ አንድ ብር አልቀንስም ያለ ሰውዬ፣ ስለ እናትየዋ ሲጠየቅ ስቆ «እሷንማ በነፃ ውሰዳት!» ብሎታል።