ለአዳማ ሙቀት፦ ቬንትሌተር፣ ኤር ኩለር ወይስ ኤሲ?

የካቲት ሲገባ ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። «ኤሲ ልግዛ እንዴ?» አዳማ ለሚኖር ሰው መልሴ ያው ነው። መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ደህና የጣሪያ ቬንትሌተር። ኤሲ መጨረሻ ላይ ይታሰባል።

ከዋጋ እንጀምር። የኤሲ ዋጋ ሱቅ ውስጥ የተነገራችሁ ብቻ አይደለም። የመዳብ ቱቦው በሜትር ይታሰባል። ማንጠልጠያ ብረት አለ፣ የገጣሚ የእጅ ዋጋ አለ፣ ለብቻው የሚዘረጋ ወፍራም ገመድና ብሬከር አለ። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘርም ያስፈልጋል። ይህን ደምራችሁ ስትጨርሱ ወርሃዊው ይመጣል። ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ 1,100 ዋት ገደማ ይስባል። ሳያርፍ በቀን 10 ሰዓት ከሠራ በወር 330 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 75 ዋት ቬንትሌተር በዚያው ሰዓት 22.5 ብቻ ይወስዳል። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

ጥገናው ይብሳል። የአጎቴ ልጅ በየዓመቱ ኤሲው ላይ ጋዝ ያስሞላ ነበር። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላ ሰው ብራችሁን እየበተነ ነው። በመጨረሻ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ተቃጠለ። ለጥገና የተጠየቀው አዲስ ለመግዛት ትንሽ ቢቀረው ነው።

ኤር ኩለር ውሃ እያተነነ ስለሚያቀዘቅዝ ለአዳማ ደረቅ በጋ ይስማማል። ግን መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ከዘጋችሁት ክፍሉ ይረጥባል እንጂ አይቀዘቅዝም። አቧራችን ፓዱን፣ ማለትም አየር የሚያልፍበትን እርጥብ ንጣፍ፣ ቶሎ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባትገዙት ይሻላል።

ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም። ላባችሁን እያደረቀ እናንተን ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ስትወጡ አጥፉት። ኮርኒስ በሌለው ቤት ግን ቆርቆሮው ሥር የተጠራቀመውን ግለት ወደ ታች ይገፋዋል። ኮርኒስ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

ትልቁ ጣጣ ፎርጅዱ ነው። ካርቶኑ ያው ነው፣ ስሙ በአንድ ፊደል ይለያል። ሞተሩ በመዳብ ፋንታ በአሉሚኒየም ሽቦ ይጠመዘዛል፣ ከውጭ ደግሞ አይታይም። ከመግዛታችሁ በፊት ሞተር ጠምዛዦችን ጠይቁ። የትኛው ስም ቶሎ ተቃጥሎ እንደሚመጣላቸው ከሻጩ በላይ ያውቃሉ። ሱቁ ውስጥም በሙሉ ፍጥነት ሩብ ሰዓት ይዙርላችሁ። ጠፍቶ ሲቆም ሞተሩን ንኩት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ትታችሁት ውጡ። በርካሽ የተገኘ ፎርጅድ አንዴ ሲጠመዘዝ ከደህናው ዋጋ ያልፋል።

ደህናውም ቢሆን ይበላሻል፣ ግን ጥገናው ቀላል ነው። ቀስ ብሎ መዞር ከጀመረ፣ ወይም ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ ነው። በጣም ርካሽ ዕቃ ነው። «ሞተሩ ሄዷል፣ ይጠምዘዝ» የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ካፓሲተሩን ቀይርልኝ በሉት። አሮጌው ላይ የተጻፈውን የማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ።

ስታሰቅሉ ደግሞ መንጠቆው ከጣሪያው ብረት ወይም ወፍራም እንጨት ጋር ይታሰር። ኮርኒሱ ክብደቱን አይችልም።