ምስሉ ሸጋ፣ ጠባዩ አስቸጋሪ፦ ሚረርለስ ካሜራዬ ከወራት በኋላ

የሚረርለስ ካሜራዬን (ከሌንሱ ኋላ እንደ ድሮዎቹ የሚገለበጥ መስተዋት የሌለው ነው) የምስል ጥራት ነገር በአጭሩ ልገላገለው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መጠን የተሠራ ነው፣ 24 ሜጋፒክስል። እስከ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ድረስ ሳልሳቀቅ አነሳበታለሁ፤ 6400ም ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ከጸዳ ያስኬዳል። የሰው ዓይን ፈልጎ ፎከስ ማድረጉም አይታማም። ከመግዛቴ በፊት እንቅልፍ አጥቼ ሳነጻጽር የነበረው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን ትዝም አይለኝ። በየዕለቱ የሚያበሽቁኝ ነገሮች የትኛውም የመግለጫ ሠንጠረዥ ላይ አልተጻፉም፤ ስለዚህ እነሱን ላውራ። የሞዴሉን ስም አልጠራም፤ አብዛኛው ቅሬታዬ ሌላ ካሜራ የያዘ ሰውም የሚጋራው ነው።

ከሁሉ በፊት የዓይን ሴንሰሩ። ከቪውፋይንደሩ (ዓይን አስጠግተን ከምናይበት) ሥር ያለችው ትንሽ ጥቁር መስኮት ዓይን ሲቀርባት ስክሪኑን አጥፍታ ቪውፋይንደሩን ታበራለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ዓይንንና ሸሚዝን አለመለየቷ ነው። ስክሪኑን ወደ ላይ ገልብጬ፣ ካሜራውን ሆዴ ላይ አስደግፌ ስጠብቅ ቆይቼ፣ የምፈልገው ቅጽበት ሲመጣ ስክሪኑ ድርግም ይላል። አንዳንድ ካሜራዎች ስክሪኑ ከቦታው ሲወጣ ይህን ሴንሰር ራሳቸው ያጠፉታል፤ የእኔው አልታደለም። ያገኘሁት መላ ከቁልፎቹ አንዷን ለዚሁ ሥራ መመደብና በእጅ መቀያየር ነው። ካሜራው አንገት ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ደረቴን ዓይን አድርጎ ይቆጥረውና ቪውፋይንደሩን አብርቶ ይቀመጣል። ባትሪ የት እንደገባ ለምትጠይቁ፣ እዚህ ነው።

ስለ ባትሪ ካነሳሁ አይቀር፦ መግለጫው ላይ የምታዩት የፎቶ ብዛት የሚለካው ሲፓ በተባለው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ደንብ ነው። ካሜራን ከካሜራ ለማወዳደር ይጠቅማል እንጂ የአንድን ሰው ውሎ አይተነብይም። ሩጫ ወይም ኳስ በተከታታይ ሳነሳ ከተጻፈው ቁጥር በእጅጉ አልፋለሁ፤ ወፍ እስክትመጣ በቪውፋይንደር እያየሁ ስጠብቅ ግን ግማሹንም ሳላነሳ ያልቃል። ሚረርለስ ላይ ባትሪውን የሚበላው ማንሳቱ ብቻ አይደለም፤ ማየቱም ጭምር ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያናድደኝ ጠቋሚው ነው። ሦስቱ መስመሮች ለረጅም ጊዜ ሙሉ ሆነው ይቆዩና አንዷ ከጠፋች በኋላ የቀሩት ይከታተላሉ። ካሜራችሁ በመቶኛ የሚያሳይ ምርጫ ካለው ዛሬውኑ አብሩት።

ባትሪውን ልቀይር ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የባትሪውም የሚሞሪ ካርዱም በር አንድ ነው፤ ያውም ካሜራው ሆድ ላይ፣ የትራይፖዱ ቡሎን ከሚገባበት ቀዳዳ ጎን። ካሜራውን ከትራይፖዱ ጋር የሚያያይዘውን ፕሌት ስታስሩ በሩ ይሸፈናል። ካርድ ለማውጣት ቡሎኑን መፍታት፣ ፕሌቱን ማንሳት፣ በሩን መክፈት፣ ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መመለስ ግድ ነው፤ በሌሊት የከዋክብት ፎቶ መካከል ይህን መሥራት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ለካሜራው በልክ የተሠራ፣ በሩን የማይነካ ፕሌት መግዛት ችግሩን ይፈታዋል። ግን ነድፎ የሠራው መሐንዲስ በሩን ወደ ጎን ቢያደርገው ኖሮ እኔ ተጨማሪ ገንዘብ ባላወጣሁ።

የኤክስፖዠር ማካካሻው ጎማ (ፎቶው እንዲደምቅ ወይም እንዲጨልም የሚዞረው) መቆለፊያ የለውም። ከቦርሳ ሲወጣና ሲገባ ይዞራል፤ አንድ ስቶፕ (የብርሃን እርከን) ተኩል ነጥቶ የመጣ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ጣቴ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ለሚያነሳ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይጠገናል፤ ጄፔግ ላይ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም። ሜኑው ውስጥ ጎማውን ሥራ ማስፈታት ይቻላል፣ እኔም እንደዚያው አድርጌዋለሁ። እነሆ፣ ከፍዬበት የማልነካው ጎማ አለኝ።

አቧራው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያልተበላሸ ካሜራ ይዞ ወደ ጥገና የሚሮጠው በእሱ ነው። ሚረርለስ ላይ ሌንሱ ሲነቀል ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይጋለጣል። አንዳንዶቹ ሲጠፉ ሹተሩን (ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋውን ክፍል) እንደ መጋረጃ ይዘጋሉ፤ የእኔው አይዘጋም። አቧራው የሚያርፈው ሴንሰሩ ራሱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው መስታወት ላይ ነው። በኤፍ 2.8 ስታነሱ ብርሃኑ ከሰፊ የሌንስ ቀዳዳ (አፐርቸር) ስለሚመጣ የአቧራው ጥላ ይበተንና አይታይም። ኤፍ 16 ላይ ግን ቀዳዳው ይጠብባል፣ ጥላውም ይጠራል፤ ሰማዩ ላይ ግራጫ ነጥብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህ ነው ወራት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነሳ የኖረ ሰው አንድ ቀን መልክዓ ምድር ሲያነሳ «ካሜራዬ ተበላሸ» የሚለው።

ለመፈተሽ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ፎከሱን አደብዝዛችሁ በጠባብ አፐርቸር አንሱ። ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ ካሜራውን ከፊት ስታዩት ፎቶው አናት ላይ ያለው ነጥብ ከታች ነው፤ ግራና ቀኙ ግን አይለወጥም። ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በጎማ መንፊያ ንፉ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል፤ የታመቀ አየር ያለበትን ቆርቆሮም ተዉት፣ ፈሳሹ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ካሜራው ውስጥ ያለው የማራገፊያ ንዝረት ደረቁን አቧራ ያወርዳል፤ የተጣበቀውን ግን አይነካውም።

ድምፅ አልባው (ኤሌክትሮኒክ) ሹተር ሲወራለት ሰምቼ ነበር የጓጓሁት። አዳራሽ ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ስጠቀምበት ፎቶው ላይ ጥቁርና ብሩህ ሽንትሮች መጡ። ሴንሰሩ ምስሉን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ብዙ መብራት ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚፈዝና ስለሚደምቅ፣ አንዱ መስመር በድምቀቱ ሌላው በፍዘቱ ይነበባል። ወደ ሜካኒካል ሹተር ተመልሶ ፍጥነቱን አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያድናል፤ 60 ኸርዝ ባለበት አገር አንድ መቶ ሃያኛ ወይም አንድ ስድሳኛ ይሁን። ጸጥታው ግን የለም።

የፋይል ስሙም አለ። ካሜራዎች የሚከተሉት የስም ደንብ አራት ፊደልና አራት አኃዝ ነው፤ 9999 ሲሞላ ወደ 0001 ይመለሳል። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ለሚገለብጥ ሰው ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች በአንድ ስም ይመጣሉ፤ ኮምፒውተሩም «ልተካው?» ይላል። «አዎ» ያለ ያልቅሳል። እኔ ስገለብጥ ሶፍትዌሩ በቀንና በሰዓት ስም እንዲያወጣላቸው አድርጌያለሁ። የሰዓቱ ነገር ራሱ ሌላ ጉድ ነው፤ ስልክ የሰዓት ቀጠናውን ራሱ ያስተካክላል፣ ይህ ካሜራ ግን የሞላችሁለትን ይዞ ይቀራል፤ የሁለቱን ፎቶ ስትቀላቅሉ ቅደም ተከተሉ ይመሰቃቀላል።

የቀሩትን በሩጫ፦ ማሰሪያው የሚንጠለጠልባቸው የብረት ቀለበቶች ቪዲዮ ላይ ሲንቃጨሉ ይሰማሉ፣ አውጥቼ የጨርቅ ማሰሪያ አድርጌባቸዋለሁ። የሌንሱ ክዳን ከጎን የሚያዝ ስለሆነ የፀሐይ መከላከያው ከገባ ጣት አይደርስበትም፤ መሃሉ ላይ የሚቆነጠጠው ርካሽ ክዳን ይሻላል። የስልክ መተግበሪያውን ትቼዋለሁ፤ ዋይፋዩ እስኪገናኝ ካርድ አንባቢ ስልኩ ላይ ሰክቼ ሥራዬን እጨርሳለሁ።

ልሸጠው አላሰብኩም። አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይዞ ለሚያነሳ ሰው ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ፤ ትራይፖድ ላይ ለሚውል ግን አልመክረውም። ሱቅ ሄዳችሁ ካሜራ ስትሞክሩ የምትጠቀሙበትን ፕሌት ይዛችሁ ሂዱ፣ እሰሩት፣ ከዚያ በሩን ለመክፈት ሞክሩ። ሻጩ ግራ ቢገባው ግድ የለም።