የቤታችሁን ፕላን ራሳችሁ ለመሳል ስዊት ሆም 3ዲ ይበቃችኋል

የቤቱን ፕላን ራሱ ለመሳል ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው አውቶካድ ወደሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ነው። እኔም ሮጬ ነበር። ሁለት ሳምንት ዩቲዩብ ላይ ፈጅቼ አንድ በር እንኳ በወጉ ሳላስቀምጥ ተውኩት። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አውቶካድ የባለሙያ መሣሪያ ነው።

ከዚያ ስዊት ሆም 3ዲን አወረድኩ። ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከጫናችሁት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራ ለሚቆምብን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ ፕላኑን ስትስሉ ከታች ቤቱ በ3ዲ ይቆማል።

ግድግዳ ስትስሉ ልኩን በማውዝ ለማምጣት አትታገሉ። ኪቦርዱ ላይ Enter የሚለውን ተጫኑና ርዝመቱን ጻፉ፤ በሳንቲ ሜትር ከሆነ 420 ማለት 4 ሜትር ከ20 ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ውፍረቱን አስተካክሉ። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ከሆነ 20 በሉት፣ ልስኑንም ጨምሩበት። እኔ ይህን ረስቼ መኝታ ቤቱ ሰፊ መስሎኝ ነበር፤ ሳስተካክለው ቁምሳጥኑ በሩን አላስከፍት አለ። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ፕላኑ ላይ እንድታስቀምጡ ፕሮግራሙ የሚሰጣችሁ ዕቃዎች የፈረንጅ ቤት ዕቃዎች ናቸው፣ ምጣድ አትፈልጉ። በምትኩ ሣጥን አስቀምጡና መጠኑን ቀይሩት።

ለየት ያለ ጣሪያ ከፈለጋችሁ ስኬችአፕ የሚባለው ሌላ የ3ዲ መሳያ ፕሮግራም ይሻላል፣ በብሮውዘር የሚሠራ ነጻ አማራጭ አለው፣ ግን ያው ኢንተርኔት ይፈልጋል።

የብረትና የመሠረት ስሌት ከሁለቱም አትጠብቁ፣ እሱ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የኔን ፕሪንት አድርጌ ስሰጠው ግን ብዙ ሳይጠይቀኝ የምፈልገው ገባው።