የሳያኖታይፕ ኬሚካል ለምትገዙ፦ «ሪ» እና «ሮ»ን ለዩ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማም ሆነ ሌላ ቦታ ሳያኖታይፕ (በፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ምስል የማተም ዘዴ) የምትሞክሩ ተማሪዎች፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

የሥዕል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የጅማን የቡና ቅጠል በሳያኖታይፕ እያተምኩ ነው። ካሜራ አይፈልግም። ቅጠሉን ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ከዚያ በውሃ ማጠብ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል በ1842 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ዘዴ ነው። ያ ሰማያዊ ሲወጣ ማየት ልብ ያሞቃል።

ሁለት ኬሚካል ያስፈልጋል፦ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ። እዚህ ስላጣሁ ኦንላይን ከሚሸጥ ሰው አዘዝኩ። 2,400 ብር ቀድሜ ላክሁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። ሁለት ፌስታል፣ ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም፣ ሌላ ምንም የለም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማታ በደብዛዛ አምፖል ሁለቱን በጥብጬ ስቀላቅል ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ገና ፀሐይ ሳያየው! ትክክለኛው ድብልቅ ቢጫ አረንጓዴ ነው መሆን ያለበት። የውሃው ጥፋት መስሎኝ የተጣራ ውሃ ገዝቼ ደገምኩት። ያው ሆነ።

ለካ በፌሪሳያናይድ ፈንታ የተሸጠልኝ ፌሮሳያናይድ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ፌሮው ከፌሪክ አሞኒየም ሲትሬቱ ጋር ሲገናኝ ብርሃን ሳይጠብቅ እዚያው ሰማያዊ ይሆናል፤ ስለዚህ ምንም ማተም አይቻልም። የፌሪሳያናይድ ክሪስታል ቀይ ነው፣ የፌሮ ግን ፈዛዛ ቢጫ። ፌሪም ሲደቅ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ስለሚያደላ የተፈጨ አትግዙ። ክሪስታሉን በፎቶ አስልኩ።

ለሻጩ ደውዬ ስነግረው «እህቴ፣ ሁለቱ ያው ናቸው፤ ትንሽ አሲድ ጨምሪበት ይስተካከላል» አለኝ። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ከጠንካራ አሲድ ጋር ሲገናኙ፣ በተለይ ሲሞቁ፣ ገዳይ የሳያናይድ ጋዝ ሊወጣቸው ይችላል። ከብሩ ይልቅ ያ ምክር ነው ያስፈራኝ። እምቢ ስለው ብሎክ አደረገኝ።

ክረምቱ እየገባ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ የምታገኙበት ቀን ይቆጠራል። እኔ ሁለት ሳምንት አጥቻለሁ።

በእጃችሁ ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ፌስታል ካለ፣ ሙሉውን ከመበጥበጣችሁ በፊት ጓንት አድርጋችሁ ከሁለቱም በጥቂቱ በውሃ አሟሙ። ከዚያ ማታ፣ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ፣ ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አገናኙ። ወዲያው ሰማያዊ ከሆነ ወረቀታችሁን አታባክኑበት።