ከዚራ የሚገኘው የተፈጥሮ ምግቦች መደብር ዋጋው ይገባዋል?

በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ «ተፈጥሯዊ» እና «ኦርጋኒክ» የተባሉ ምግቦችን የሚሸጥ አንድ ዘመናዊ መደብር አለ። እዚያ መሸመት ከጀመርሁ ሰንበት ብያለሁ። ዋጋው በብዙው ዕቃ ላይ ከቀፊራ ገበያ እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ገንዘቡ የቱ ላይ እንደሚያዋጣና የቱ ላይ እንደማያዋጣ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

አትክልቱ አያዋጣም። በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተደረደረው ካሮት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ከሐረማያ አካባቢ የመጣ መሆኑን ሻጮቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ቀፊራ የሚራገፈውም ብዙው ከዚያው ደጋ የሚወርድ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 እንደሚያሳየው ኦርጋኒክነት በሥርዓት የሚረጋገጥ ነገር ነው። በመደብሩ ጥቅሎች ላይ ግን ማን መርምሮ እንዳረጋገጠ የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ አላየሁም። ያልተረጋገጠ ነገር ላይ እጥፍ መክፈል ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

የለውዝ ቅቤው ነገር ግን ጠለቅ ያለ ማስተዋል ይጠይቃል። ማሰሮው ሲከፈት ዘይቱ ከላይ ጣት የሚያህል ተንሳፍፎ ይታያል፤ ይህ ብዙዎችን ቢያስደነግጥም ዘይቱ እንዳይለይ የሚያደርግ ማርጊያ ያልተጨመረበት መሆኑን የሚያመለክት ስለሆነ በማንኪያ አማስሎ መብላት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ወይም እርጥበት ባለበት ቦታ በተከማቸ ለውዝ ላይ የሚያድግ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይም በጥናት የታየ ችግር ነው። ሙሉውን የባቢሌ ለውዝ ከገበያ የገዛ ሰው የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ፍሬ በእጁ ለቅሞ መጣል ይችላል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ምን ዓይነት ፍሬ እንደገባበት በዓይን መለየት አይቻልም። መደብሩ ለውዙን ያስመረመረበትን ውጤት እስኪያሳይ ድረስ የለቀምሁትን ለውዝ ራሴ ቆልቼ ማስፈጨቱን እመርጣለሁ።

ማሩን በተመለከተ አንድ ወቀሳ ያለ አግባብ ይሰነዘርበታል። ቀዝቀዝ ባለው ክፍል ስለሚቀመጥ ይረጋል፤ ደንበኞችም የረጋውን እያዩ «ስኳር ነው» ብለው ይመልሱታል። ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማሰሮውን ቢያቆሙት ተመልሶ ይቀልጣል። እርግጥ ነው፣ መርጋቱ ብቻውን የንጽሕና ማስረጃ አይሆንም።

መደብሩ በእውነት ዋጋውን የሚያስከፍለው በማቀዝቀዣው ነው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በተለይም በግንቦትና በሰኔ፣ እርጎና ለጋ ቅቤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ብዙ አይቆዩም። እዚህ ግን ከርክክብ እስከ ሽያጭ በቅዝቃዜ ይያዛሉ፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሣል። ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር በመሆኑ ተጨማሪውን ገንዘብ ሳላቅማማ እከፍላለሁ።

ቡናውን ማለፍ ይቻላል፤ የሐረር ቡና ድሮም ከነፍሬው በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ ስለሆነ «ተፈጥሯዊ» የሚለው መለያ ምንም አይጨምርለትም። በርበሬው ግን ጥሩ ነው፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት አልመሰለኝም፤ ሽታውም ሙሉ ነው። የተፈጨበት ቀን በከረጢቱ ላይ ቢጻፍ ደግሞ አዘውትሬ እገዛው ነበር።